ከሰላ ድንጋይ ጨፌ እስከ ጣና ደንገል

ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ የተቀመጡባት የቀድሞ ከተማ ናት። መንገደኛ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ እሳቸው ነው፤ እኔን ግን የሳቡኝ በበዓል ዋዜማ ቀጠማ ተሸክመው የሚመጡት ሴቶች ነበሩ። ከየት እንደሚያጭዱት ለማየት ብከተላቸው፥ ምንጭ ከሚያረሰርሰው ጨፌ ደረስሁ። ቀጠማው ዳር ዳሩን እንጂ ውሃ የተኛበትን መካከሉን አልያዘም። ምነው ብዬ አንዲት እናት ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ቀጠማም እንደ ሰው ነው፤ ውሃ ሲያጣም ሲያሰጥመውም ይሞታል» አሉኝ።

የዚህ ደጋ ውሃ በጀማ በኩል ወርዶ ዓባይ ይገባል። የእማማን ነገር በሰፊው ለማየት የሚሻ ሰው ግን ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወደ ባሕር ዳር መሄድ አለበትና እኔም ሄድሁ።

የጣና ዳርቻ ብዙውን ጊዜ በተራ የተሰለፈ ይመስላል። በደረቁ ወገን ቀጠማ፥ ጥልቀት በሌለው ውሃ ፊላ፥ ወደ ውስጥ ደግሞ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚደርስ ደንገል። ሰልፉን የሚያዘው ውሃው ነው። በረግረግ ጭቃ ውስጥ ለሥር የሚበቃ አየር የለም፤ የደንገል አገዳ ግን ውስጡ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ አየሩን ከላይ ወደ ሥሩ ያወርዳል። ታንኳውንም የሚያንሳፍፈው ይኸው አየር ነው፤ አገዳው ውሃ ሲጠጣ ታንኳው ይከብድና ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ይሠራል። ዘሩ ደግሞ የሚበቅለው ውሃው ሸሽቶ በተወው እርጥብ ጭቃ ላይ ነው። ጣና በመስከረም ግድም ሞልቶ እስከ ሰኔ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳልና መውረዱ ለዘሩ፥ መሙላቱ ለሥሩ ይበጃል።

በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ በዓባይ መውጫ ከተሠራ ወዲህ ግን ልኩን የሚቈጣጠር ሰው ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ዝናም አንሶ ሳለ ለኤሌክትሪክ ብዙ ውሃ ስለ ተለቀቀ ሐይቁ እጅግ ጐደለ፤ ጀልባዎች ለወራት ቆሙ፥ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሐይቁ ወለል ተገለጠ። ገበሬው ከብቱን ነዳበት፥ ሞፈሩን አገባበት፤ መሬት ለጠበበው ሰው ማን ይፈርድበታል? ደንገሉ ግን በብዙ ቦታ ጠፋ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። እሱ ተንሳፋፊ ነውና የውሃው ከፍ ዝቅ ማለት እንደ ደንገል አያስጨንቀውም፤ ከእርሻው ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያም ይመግበዋል።

ታንኳ የሚያስሩ አንድ የወይጦ ሽማግሌ አገኘሁና፥ «አባባ፥ ደንገሉን ከየት አመጡት?» አልኋቸው። በእጃቸው ከሐይቁ ማዶ ያለውን ሩቁን ዳርቻ አሳዩኝና ወደ ማሰራቸው ተመለሱ።