ለአሮጌው ላንድክሩዘር የትኛው ሞተር ይሻላል?

ቡናው እስኪፈላ ስለ ሞተር እንጫወት። ግቢዎ ውስጥ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ አለ እንበል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 መውጣት ከጀመረው ከ75ቱ ወገን። ሻሲው ደህና ነው፣ ባሌስትራው አልደከመም፣ ካምቢዮውም አይጮህም። ሞተሩ ግን ዘይት ይበላል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለውን መኪና ጠግኖ መያዝ የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል። ጎረቤቱ ሁሉ “ሞተር ቀይር” ይላል። የትኛውን ሲባል ነው ነገሩ የሚለያየው፤ አንዱ ተርቦ፣ አንዱ ቪ8፣ አንዱ የፒካፕ ዲ-ፎር-ዲ ይላል።

ሐሳቤን ሳልደብቅ ልንገርዎ። ለዚህ መኪና የሚበጀው ሞተር መንገዱ የሚያደርስዎት የመጨረሻው ከተማ ላይ ያለ መካኒክ ፈትቶ ሊገጥመው የሚችለው ነው። ጉልበቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ለመሆኑ ግን ሞተሩ በእርግጥ አልቆለታል? ጭሱን ይዩት። ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኖዝል፣ የናፍጣ ፖምፓ ወይም የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ነው፤ ለዚህ ሞተር አይወርድም። ነጭ ሆኖ ራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ካስቸገረዎት ጋርኒሲዮኑንና ቴስታታውን ይጠርጥሩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ፋሻውና ሲሊንደሩ ያለቀው ያኔ ነው። መካኒኩ የሁሉንም ሲሊንደር ኮምፕረሽን አንድ በአንድ ለክቶ ቁጥሩን ሳያሳይዎት ግን ምንም አይወስኑ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን።

መኪናው ይዞት የመጣው 2ኤች ከሆነ፣ ይህ ወደ 4,000 ሲሲ የሚጠጋ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ጉልበቱ 100 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ቢሆንም ታይሚንጉ በጥርስ ስለሚዞር የሚበጠስ ቺንጋ የለውም። ብሎኩና ኮሎው ደህና ከሆኑ ቶርኖ ቤት ልኮ ማሳደስ ክብር ያለው ምርጫ ነው። መለዋወጫው ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው፤ ፒስተኑና ብሮንዚኑ መገኘቱን ሳያረጋግጡ ሞተሩን አያስፈቱ።

የማይታደስ ከሆነ የእኔ ምርጫ 1ኤችዜድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ይህ 4,164 ሲሲ ናፍጣ ራሱ ቶዮታ በዚሁ በ75 ላይ 2ኤችን የተካበት ነው፤ ስለዚህ ለሱፖርቶውም ለካምቢዮውም ማጣጣሚያ መፈልሰፍ አያስፈልግም። 130 የፈረስ ጉልበት አካባቢ አለው። አምቡላንሱ፣ የእርዳታ ድርጅቱ መኪና፣ የገጠር መስመር ላይ ሰው የሚጭነው ላንድክሩዘር ብዙው በዚህ ሞተር ስለሚሠራ እጁ ያልለመደው መካኒክ ጥቂት ነው። አንድ ግዴታ አለው፦ የታይሚንግ ቺንጋውን በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩ። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ያገለገለ ሞተር ሲገዙም ገና ሳይገጠም ቺንጋው ይቀየር።

“ዳገቱስ?” ይሉኛል፤ ትክክል ነዎት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ናትና ያ 130 እዚህ ወደ 100 ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን ጭነት ይዞ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሥራ 1ኤችዲ-ቲ አለ፤ መጠኑ ያው 4,164 ሲሲ ሆኖ ከፋብሪካው ተርቦ ይዞ የተሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ምርቶች ላይ ግን የቢዬላው ብሮንዚን ቶሎ የማለቅ ጠባይ አለውና ብሮንዚኑ ታይቶ ይገዛ። በ1ኤችዜዱ ላይ ተርቦ ልጨምር የሚል ካለ ግን ይጠንቀቅ፤ ፒስተኑም ቴስታታውም ለዚያ ሙቀት አልተሠሩም፣ ናፍጣው በልክ ካልተገደበ መሰንጠቅ ይመጣል።

እንደ ዲ-ፎር-ዲ ያሉት አዳዲሶቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች ጎበዞች ናቸው፤ አልክድም። ግን ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ ገፍተው ነው የሚረጩት። ውሃ ወይም አቧራ የገባበት የበርሜል ናፍጣ ኢንጀክተራቸውን ይገድለዋል፤ ኮምፒውተሩና ሽቦው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጂንካ ላይ ቆሞ የዚያን ኢንጀክተር መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አሁን ወደ ግዢው እንሂድ። ሶማሌ ተራ ይሁን ከሻርጃ የሚያስመጣ ነጋዴ ጋ፣ ሞተሩን ሙሉውን ይግዙ፦ ከናፍጣ ፖምፓው፣ ከሞተሪኖው፣ ከዲናሞው ጋር። የፍሬኑን ቫኪዩም ፖምፓ አይርሱ፤ ናፍጣ ሞተር ያለ እሱ ፍሬን የሚያግዝ ቫኪዩም የለውም። 12 ቮልት ይሁን 24 አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከመኪናዎ ካልገጠመ ሞተሪኖና ካንዴላ ሊቃጠል ይችላል። ቀለም የተቀባ ሞተር አያማልልዎት፤ ሲቻል ቀዝቃዛውን ያስነሱት፣ የዘይት ክዳኑን ከፍተው ጭስ የሚተፋ መሆኑን ይዩ። ሻርጃ በባሕር ጠረፍ ላይ ናት፤ ከዚያ የመጣ ሞተር እዚህ ደጋ ላይ ጥቁር ካጨሰ አበደ አይበሉ፣ ፖምፓው ለስሱ አየር እንዲስተካከል ወደ ፖምፓ ባለሙያ ይውሰዱት።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ወረቀቱን ይጠይቁ። ሊብሬዎ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ አዲሱ ቁጥር እንዲመዘገብልዎት ሞተሩ በሕግ መግባቱን የሚያሳይ የጉምሩክ ሰነድ ያስፈልግዎታል። ሰነድ የሌለው ሞተር የቱንም ያህል ቢረክስ መኪናዎን የማይሸጥ፣ የማይለወጥ ያደርገዋል።

እንግዲህ ነገ ጋራዥ ሲሄዱ ሻጩን ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከመጠየቅዎ በፊት ወደሚሠሩበት አገር ስልክ ይደውሉ፤ እዚያ ያለው መካኒክ ይህን ሞተር ፈትቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ማጣሪያውና ቺንጋው ሱቅ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁት። “አዎ” ካለዎት ሞተርዎን አግኝተዋል።