መሸሻ ያለው ይደፍራል

ውሻ እፈራለሁ። ልጅ ሳለሁ ተነክሼ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ተወግቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጩኸቱን ከሩቅ ስሰማ እንኳ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሰው «አይዞሽ፣ አይነካሽም» ሲለኝ ፍርሃቴ ቀንሶ አያውቅም። ፍርሃት እንዴት እንደሚለቅ ያየሁት ከእኔ የባሰች ፈሪ ውሻ ላይ ነው።

ዳማን ያገኘኋት አዲስ አበባ ውስጥ በተከራየሁት ግቢ ነው። የቀድሞዎቹ ተከራዮች ትተዋት ሄደዋል። ቀኑን ሙሉ ከውሃ ሮቶው ሥር ሲሚንቶው ላይ ተለጥፋ ትውላለች፤ የምትወጣው ግቢው ጭር ሲል ነው። ከሁሉ የሚያስደነግጣት ሰው ጎንበስ ሲል ማየት ነበር። ጫማዬን ላስር ዝቅ ካልኩ ጅራቷን በእግሮቿ መሃል ሸጉጣ ትፈረጥጣለች። ምክንያቱን የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለመንገድ ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ሊከትባት የመጣው የእንስሳት ሐኪም ነገሩን አስረዳኝ። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንቱ ግድም የሚያየውን ሰውና የሚሰማውን ድምፅ በቀላሉ ይለምዳል። ያን ጊዜ ከሰው ደግ ነገር ያላየ፣ ካደገ በኋላ ሰውን ማመን ይከብደዋል። ይከብደዋል እንጂ አይሳነውም። የግቢያችን ዘበኛ ሲሰሙ ቆይተው፣ «ልጄ፣ እሷም ፈሪ አንቺም ፈሪ፤ ማንም ማንንም አያስገድድ» አሉኝ። ከሰማሁት ምክር ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው።

ቀድሞ ለራሴ ፍርሃት መላ ስፈልግ ያነበብኩት አንድ ታሪክ ነበር። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ነው። ፒተር የሚባል ሕፃን ጥንቸል በጣም ይፈራል። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን በሽቦ ቤት አድርገው ከሩቅ ያሳዩታል፤ እየቆዩ ትንሽ በትንሽ ያቀርቡለታል። በመጨረሻ ፒተር ራሱ ጥንቸሏን ዳሰሳት።

ይህንኑ መንገድ በዳማ ልሞክር ብዬ ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝቼ ቀቀልኩ፤ በትንንሹ ከተፍኩት። ዳማ ፊት እንዳልጎነብስ ቀድሜ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ፊቴን አዙሬ፣ ዓይኗን ሳላይ፣ ቁራሹን ወደ ሮቶው እወረውርላታለሁ። ካልበላች ቅርብ ነኝ ማለት ነው፤ በርጩማውን አርቃለሁ። ብዙ የፈራ ውሻ የሚወደውን እንኳ አይቀምስም፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ሌሎቹን ምልክቶች እያደር ለየሁ፤ እንቅልፍ ሳይመጣባት ታዛጋለች፣ አፍንጫዋን ትልሳለች፣ አንገቷን ታዞራለች፣ የዓይኗ ነጭ ይጎላል። ሁሉም «ይበቃኛል» ማለት ነው። ስታጉረመርምም አልቆጣትም። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ፍርሃቱን አይተውም፤ ማስጠንቀቂያውን ትቶ በቀጥታ መንከስ ይለምዳል።

ከእጄ የበላች ዕለት ትንፋሿ መዳፌን ሲነካኝ እኔም ተንቀጥቅጫለሁ። እጄን ግን አልሰበሰብኩም። ወደ አናቷ ሳልዘረጋ ደረቷን ብቻ አከክኩላት፤ ከላይ የሚወርድ እጅ ለእሷ ምት ነው።

ከባዱ ፈተና የቡሄ ሰሞን ነበር። ነሐሴ ሲገባ የሰፈራችን ልጆች ጅራፍ ማጮህ ይጀምራሉ፤ ድምፁ ተኩስ ነው። ልጆቹን ጠርቼ ከመንገዱ ጫፍ ሆነው አንዴ ብቻ እንዲያጮሁ ለመንኳቸው። ጅራፉ ሲጮህ ሳንባ፣ ዝም ሲል ምንም። «እትዬ፣ አሁንስ እንቅረብ?» እያሉ በደስታ አገዙኝ። ቅረቡ የምለው ከጅራፉ ጩኸት በኋላ ጆሮዋን አቁማ እጄን ስታይ ብቻ ነው። ስትደነግጥ ይመለሳሉ። ሸሽታ እግሬ ሥር ስትወሸቅም አቅፋታለሁ። «ካባበልሻት ፍርሃቷ ይብሳል» የሚሉ አሉ፤ ማባበል ግን ፍርሃት አያስተምርም፣ ያረጋጋል እንጂ።

ጎረቤቶች ዳማ ደፋር የሆነችው በሳንባው ነው ይላሉ። ሳንባው ረድቷል፤ ለእኔ ግን ዋናው ሮቶው ነው። ከሥሩ ማንም ጎትቶ አላወጣትም፣ በሰንሰለት አላሰራትም፣ መመለሻዋን አልዘጋባትም። መመለስ እንደምትችል ስታውቅ ነው አንድ እርምጃ ጨምራ የወጣችው። በሰንሰለት የታሰረ ፈሪ ውሻ ግን መሸሽ ስለማይችል መናከስ ብቻ ይቀረዋል፤ እኛም ክፉ ነው እንለዋለን።

እኔም ዛሬ ውሾች ተሰብስበው ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ፤ አላፍርበትም። ምን ያህል ርቀት እንደሚበቃኝ አውቃለሁ፤ ርቀቱም ካለፈው ዓመት አጥሯል። ዳማም ነጎድጓድ ሲሆን ሮቶዋ ሥር ትገባለች፤ ሲያባራ በራሷ ትወጣለች። ፈሪ ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ ሌላውን ሁሉ ከመሞከራችሁ በፊት ማንም የማይደርስበት አንድ ጥግ ስጡት፤ ከዚያም ራሱ እስኪወጣ ጠብቁት።