የአምስት ሳንቲም ፔጆ

ፔጆ 404 ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ44 ሳንቲም ነው። ይህ ለ87 ሲካፈል አምስት ሳንቲም ከአንድ ሚሊ ይመጣል። ፍራንክፈርት ውስጥ አውቶብስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው አንድ የድሬዳዋ ሰው ኪሳቸው ውስጥ አጭር ማስመሪያ የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። እሁድ ጠዋት የአሮጌ መጫወቻ ገበያ ውስጥ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞሩ፣ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት መኪናዋን አንስተው ይለኳታል። ልኳ ካልሆነ አመስግነው መልሰው ያስቀምጧታል።

ሚስታቸው ይህን አይወዱም። "ለአምስት ሳንቲም መኪና ሃያ ዩሮ! ስልሳ አምስት ዓመትህን ልትይዝ አይደል እንዴ?" ይላሉ። ሳንቲም የተባለችው የቱ እንደሆነች ማስረዳት ስለማይቻል ሰውየው ዝም ይላሉ።

ከሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሌላው ጎረቤት ብስክሌትና የክረምት ጎማ በሚያስቀምጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሜትር ተኩል በሚሆን ጣውላ ላይ የልጅነታቸውን የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ እየሠሩ ነው። አባታቸው የባቡሩ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ከተማዋ ራሷም ቢሆን የባቡር ልጅ ናት። በ1897 ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልሆነለት ከሥሩ ቆላው ላይ ቀረ፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

ባቡሩ ብዙም አላስቸገራቸውም። የድሬዳዋው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ስዊዘርላንድም በተራሮቿ ላይ የአንድ ሜትር ሐዲድ ስላላት፣ የእነዚያ ባቡሮች ሞዴል በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሆኖ በ1 ለ87 ተሠርቶ ይሸጣል። የስዊዙን ፉርጎ ቀለም መቀየር፣ ጽሑፉን መፋቅና አቧራ ማልበስ ነው የቀራቸው። ያስቸገራቸው ከጣቢያው ፊት ለፊት የሚቆሙት መኪኖች ናቸው።

ይህን ሞዴል ባቡር የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ባቡር አርባ ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ ባቡሩን አይቶ ዓመቱን መናገር ያስቸግራል። ዓመቱን የሚናገረው ማቋረጫው ላይ ቆሞ ባቡሩ እስኪያልፍ የሚጠብቀው መኪና ነው። አውሮፓውያኑ ሠሪዎች የባቡርን ታሪክ በዘመን ከፋፍለውታል። ሦስተኛ ዘመን የሚሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እስከ 1970 አካባቢ ያለው ነው። በዚያ ዘመን ጣቢያ በር ላይ የ1985 መርሴዲስ ያቆመ ሰው፣ የወር ድካሙን በአንዲት መኪና አበላሸ ማለት ነው።

ከዘመኑ በፊት ግን ልኩ ይቀድማል። ማችቦክስ የሚባሉት የእንግሊዝ መኪኖች በልጅነት እጅ ውስጥ የሚያምሩ ነበሩ። የተሠሩት ግን በሳጥናቸው ልክ ነው፤ አውቶብሱም ቮልስዋገኗም እኩል ሳጥን ውስጥ መግባት ስላለባቸው አውቶብሱ ተጨምቆ፣ ቮልሷ ተነፍታ ነው የሚወጡት። ከባቡር አጠገብ ሲቆሙ ጉዳቸው ይወጣል። የእንግሊዝ ባቡር ሠሪዎች ደግሞ 1 ለ76 ይጠቀማሉ፤ በዚያ ልክ ፔጆዋ 5.8 ሳንቲም ትሆናለች። ሰባት ሚሊ ሜትር ምን አላት የሚል ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ይያቸው፤ አንዷ የአባት፣ አንዷ የልጅ ይመስላሉ።

በ1 ለ87 ያለው ገበያ የጀርመኖች ነው ማለት ይቻላል። ቪኪንግ፣ ሄርፓ፣ ቡሽ፣ ብሬኪና የሚባሉ ፋብሪካዎች ለአሥርት ዓመታት ያልሠሩት መኪና ያለ አይመስልም። የፖስታ ቤት ቮልስዋገን፣ የመንደር እሳት አደጋ፣ የቢራ ጫኝ፣ የምሥራቅ ጀርመኗ ትራባንት፣ የቆሻሻ መኪና ሳይቀር አለ። ከቪኪንግ ውስጥ የቀደሙት፣ መስኮታቸው ያልተከፈተ ድፍን ፕላስቲኮች፣ ዛሬ ሰብሳቢ የሚሻማባቸው ናቸው። እነዚህ ሰብሳቢዎች መኪናዋን ከሳጥኗ አያወጧትም። የድሬዳዋው ሰው ደግሞ ገዝተው እንደገቡ ጣሪያዋን ነቅለው ሹፌር ያስቀምጡባታል፣ ጎማዋን በጠመኔ ዱቄት ያቆሽሻሉ። አንድ ሻጭ ይህን ሰምቶ ከእንግዲህ አልሸጥልህም ብሏቸው ያውቃል። ግማሽ ቀልዱን ነበር።

ፋብሪካ የሚሠራው ገዢ የሚያስታውሰውን ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ ንግድ ነው። ጀርመናዊው አያቱ የነዳውን መኪና በስሙ ጠርቶ ይገዛል። ሐረርና ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ፔጆ 404 ታክሲ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም፤ ከ1960 ጀምሮ የወጣች መኪና፣ ፈረንሳይ ውስጥ ከተረሳች በኋላ እንኳ ሐረር ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ዳገት ስትወጣ ኖራለች። ብሬኪና 404ን በዚህ ልክ ሠርቷታል። የሠራት ግን ለፈረንሳይ ጎዳና እንጂ ለሐረር በር አይደለም። ኤንትሬን ደግሞ፣ የኢትዮጵያን መንገድ ግማሽ ዕድሜ የተሸከመችውን የፊያት ጭነት መኪና፣ በ1 ለ87 እስካሁን አላገኟትም። ማን ብሎ ያዛታል?

ርካሹ ዕቃ የሚገኘው ከሙዝ ካርቶን ውስጥ ነው። ገበያው ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ወይም አንድ የሰለቸው ልጅ ካርቶን ከፍቶ ይቀመጣል። የሞተው ባል፣ የሞተው አባት የሃምሳ ዓመት ስብስብ፣ አንዱ ሦስት ዩሮ። ሠላሳ ከወሰዱ ደግሞ ይቀንሳሉ። አዲሱ ሱቅ ውስጥ ከ15 እስከ 25 ዩሮ ገደማ የሚባለው መኪና ነው። የሚገዙት እየሸመገሉ፣ የሚተካቸው እየጠፋ መሆኑ በግልጽ ይታያል። ከ1859 ጀምሮ የነበረው ሜርክሊን እንኳ በ2009 ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በ2013 ነው አንድ የመጫወቻ ኩባንያ ገዝቶ ያቆየው። ሰውየው ከእነዚህ ካርቶኖች ሲገዙ እጃቸው ቶሎ አይሄድም። አንዴ ከአንዲት ሴት ሁለት ቮልስዋገን ወስደው፣ ሴትየዋ "እነዚህን በጣም ይወዳቸው ነበር" ስላለቻቸው አንዷን መልሰውላታል። ሴትየዋ ግራ ገባት።

ሚስታቸው ስለ ገንዘቡ ትክክል ናቸው። ድሬዳዋ የእህት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ መድኃኒት አለ፣ የዩሮ ምንዛሪ በየሳምንቱ የቤተሰብ ወሬ ነው። የተስማሙት በወር ሠላሳ ዩሮ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ካለፈ ሰውየው የራሳቸውን ቡናና ጋዜጣ ይቀንሳሉ። ቢሆንም ሠላሳ ዩሮ ምን እየገዛ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ሐዲድ ላይ፣ ከመሀል ከተማ ወጣ ካለ ሌላ ጣቢያ ነው የሚነሳው። የአሮጌው ጣቢያ ግቢ ማለዳ ላይ ምን ይመስል እንደነበር፣ ጋሪው የት፣ ታክሲው የት፣ ቡና አፍዪዋ የት እንደሚቆሙ፣ ሰውየው ፈልገው የተጻፈ ነገር አላገኙም። ያላቸው አራት የቤተሰብ ፎቶና ድሬዳዋ ያለው ታላቅ ወንድማቸው ነው።

ወንድምየው ዋና ተቆጣጣሪ ሆነዋል። በየሳምንቱ ፎቶ ይላክላቸዋል፣ በድምፅ መልእክት እርማት ይመጣል። የጣቢያው ግድግዳ ቢጫነት በዛ። ዛፉ ወደ ግራ ነበር። ባለፈው ወር 404ዋ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ አቧራዋን ለብሳ፣ ሹፌሯ ክርኑን መስኮት ላይ አስደግፎ ፎቶዋ ተላከ። ሰውየው ሙገሳ ጠብቀው ነበር።

"ፖርቶመጋላዋስ?" አለ የወንድምየው ድምፅ። "ያለ ፖርቶመጋላ የሚሠራ ፔጆ አይተህ ታውቃለህ?"

እውነት ነው። ያን ዕለት ማታ ምድር ቤት ወርደው፣ ቀጭን የነሐስ ሽቦ በወረንጦ ማጠፍ ጀመሩ። ከሽቦ መኪና መሥራት ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ደቻቱ ዳር ያላጠፉት ሽቦ፣ ከቆርቆሮ ክዳን ያልቆረጡት ጎማ የለም። ፖርቶመጋላዋ በሦስት ምሽት አለቀች። ከዚያ ባዶ መሆኗ አስጠላቸው። የ1 ለ87 ሰዎችና እንስሳት ከሚሸጠው ከፕራይዘር በግ ገዙና ጣሪያዋ ላይ አሰሩ።

ፍራንክፈርት የተወለደችው ልጃቸው እራት ልትጠራቸው ስትወርድ በጓን አይታ ሳቀች። "አባዬ፣ ይሄ እኮ የጀርመን በግ ነው።"

"ምኑ?"

"አክስቴ የላከችው ቪዲዮ ላይ ያሉት ራሳቸው ጥቁር ነው።"

አጎንብሰው አዩት። ነጭ ነው፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ። ቀጭኑን ብሩሽ አቀበሏትና መብራቱን ወደ እሷ አዞሩላት። እራቱ ቀዝቅዞ ነው የተበላው።