ካሜራን በራስ ቁር ላይ ስለ ማሰር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የስድሳ ሰባት ዓመት ሽማግሌ፣ ያውም ዕድሜውን በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ መካከል የፈጀ ሰው፣ በበረዶ ላይ ስለሚንሸራተቱበት የራስ ቁርና ስለ ካሜራ ሊጽፍ ብዕር ማንሣቱ ያስቅህ ይሆናል። መሳቁን አልከለክልህም፤ ነገር ግን የምነግርህ በገዛ እጄ ስለ ሠራሁት ስሕተት ነውና ታግሠህ አንብብልኝ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የእጅ ሥራ ያስተማሩን አንድ ስዊድናዊ ነበሩ። በአገራቸው ሰዎች ረዣዥም ሳንቃ ከጫማቸው ጋር አስረው በበረዶ ላይ እንደሚሄዱ ሲነግሩን፣ እኛ በረዶ ስንል የምናውቀው በክረምት የቆርቆሮ ጣራ የሚደበድበውን ጠጠር ብቻ ስለ ነበረ፣ ተረት መስሎን ተሳሳቅን። በልቤ የቀረው ግን ተረታቸው ሳይሆን ቋጠሯቸው ነው። ጆንያ ስናስር፣ አጥር ስናጥር እየዞሩ በጣታቸው ይስቡና የላላ ሲያገኙ «ድገመው» ይሉን ነበር። እኔም በተራዬ መምህር ስሆን ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተማሪዎቼን «ያሰራችሁት አይፈታ» እያልሁ አስተማርሁ።

ባለፈው ጥር ወር፣ በፈረንጆች አገር ክረምቱ በጸናበት ጊዜ፣ ልጄ ወደምትኖርበት ወደ ኮሎራዶ፣ ወደ ኦሮራ ከተማ ሄድሁ። የልጅ ልጄ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከትምህርቱ ቀጥሎ የሚወደው ስኪ ነው። (ከትምህርቱ ቀጥሎ ያልሁት እናቱ ይህን እንደምታነብ ስለማውቅ ነው።) ጨዋታው የፈረንጅ ነው ብዬ ባሾፍበት፣ ሮቤል ተክለማርያም የተባለው ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች ለአገራችን በስኪ እንደ ተወዳደረ ነግሮኝ አሳፈረኝ።

ልጁ ጎፕሮ የምትባለዋን ትንሽ ካሜራ ለልደቱ አግኝቶ ነበር። ኒክ ውድማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2002 ኩባንያውን ሲመሠርት ሐሳቡ በባሕር ማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ካሜራ በእጅ አንጓቸው አስረው እንዲያነሡ ነበር። የዛሬዪቱ ካሜራ ወደ 150 ግራም ትመዝናለች፤ ከሦስት ዕንቁላል ብዙም አትበልጥ። ከአንጓ ወደ ራስ የወጣችው ራስ የዞረበትን ሁሉ እንድታይ ነው።

የልጁ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በመኪና ውስጥ፣ በብርድ፣ ተጣባቂውን መቀመጫ በቁሩ ላይ ለጥፎ ወዲያው ቢወጣ፣ ካሜራዋ በመንገድ ወድቃ በሰው ደግነት ተገኘች። እኔም «አምጣው» አልሁት። ምስማር በምድጃ ላይ አግዬ በቁሩ ግንባር ላይ ሁለት ቀዳዳ በሳሁ፤ ሽቦ አሳልፌ በውስጥ በኩል በፒንሳ ጠመዘዝሁ። ልጁ «አባባ፣ ፕላስቲኩ ሲበሳ አይደክምም?» አለኝ። «የታሰረ ነገር መፈታት የለበትም» ብዬ መለስሁለት። እርሱም አክብሮኝ ዝም አለ። እኔ ግን ሥራዬን በጣቴ ስቤ አልነቃነቅ ሲለኝ ስዊድናዊውን መምህሬን አስታውሼ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ብሬከንሪጅ ወደሚባለው ስፍራ ሄድን። ከተራራው ሥር ያለው መንደር እንኳ ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እኔ በመስተዋት አጠገብ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ፣ ከቀትር በኋላ ልጁ አንገቱን ይዞ፣ ቀይ ጃኬት ከለበሰ የተራራው ጠባቂ ጋር መጣ። በመንገዱ ዳር ሲያልፍ ካሜራዋ ከጥድ ቅርንጫፍ ጋር ተያይዛ ነበር። ሽቦው አልለቀቀም፤ ስለዚህ ራሱ ተጠምዝዞ በጀርባው ወደቀ።

ጠባቂው ቁሩን በጠረጴዛው ላይ አኑሮ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። ወደ ውስጥ የተጠመዘዘውን የሽቦ ጫፍ አየ። «ይህን የሠራው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። እንግሊዝኛውን በሚገባ ሰምቻለሁ። አፌን ልከፍት ስል ልጁ «እኔ ነኝ» አለ።

እኔም ሻዬን ተመለከትሁ።

ጠባቂው ተቆጥቶ፣ ነገር ግን በጥንቃቄ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል አስረዳው፤ የምነግርህም አብዛኛው ከእርሱ የሰማሁት ነው። የስኪ ቁር ሁለት ነገር ነው። ውጪው ጠንካራና ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ለስላሳነቱም ሰው ሲወድቅ በበረዶው ላይ እንዲንሸራተት ይረዳል። ውስጡ ሲመታ ተጨፍልቆ የምቱን ኀይል የሚውጥ አረፋ ነው። ቁሩን የበሳ ሰው ቅርፊቱን አድክሟል፤ በውስጡ ሽቦ የተወ ሰው ደግሞ አረፋው ሲጨፈለቅ ሽቦው ወደ ራስ ቅል እንዲሄድ አሰናድቷል። በአውሮፓ ኢ.ኤን. 1077፣ በአሜሪካ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤፍ 2040 የሚባሉት መለኪያዎች ቁሩን የሚፈትኑት እንዲሁ ባዶውን ነው። ከላዩ የምንጨምረው ሁሉ ከፈተናው ውጪ ነው። ስለዚህ የካሜራ መቀመጫ ነፋስና መንቀጥቀጥ እንዳይጥለው መያዝ፣ ከቅርንጫፍ ወይም ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ግን ራስን ይዞ ሳይጎትት መልቀቅ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2013 የመኪና እሽቅድምድም ሰባት ጊዜ ሻምፒዮናው ሚካኤል ሹማከር በፈረንሳይ ሜሪቤል ከተከለለው መንገድ ወጣ ብሎ ስኪ ሲጫወት ወድቆ ራሱን በድንጋይ ተመታ። በቁሩ ላይ ካሜራ ነበረ፤ መርማሪዎችም የካሜራውን ፊልም ተመልክተዋል። ካሜራው ጉዳቱን አባብሶታል ወይስ አላባባሰውም የሚለው ብዙ ቢነገርበትም እርግጡ አልታወቀም። ጠባቂው ይህን ታሪክ ሲያነሣ ልጁ አንገቱን እያሸ ያዳምጥ ነበር፤ እኔም አሁንም አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

ማታ ቤት ስንገባ ልጁ ካሜራዋን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ። በረዶው ሲሸሽ፣ ጥዱ ሲመጣ፣ ሰማይ ሲገለበጥ አየን። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ያቆማል ብዬ ስጠብቅ ቀጠለ፤ ለካ ካሜራዋን ያጠፋት ሰው አልነበረም። የሻይ ቤቱ ጠረጴዛ መጣ፤ የጠባቂው ጥያቄና የልጁ «እኔ ነኝ» ተሰማ። ከሁሉ ይልቅ ቅርብ ሆኖ የታየው የእኔ ካፖርት ነበር፤ አዝራሮቹ እስከ አንገት ተቆልፈዋል፣ ከላዩም ድምፅ አይወጣም።

በዚያን ጊዜ ለልጄ ነገርኋት። አንድም ቃል አልመለሰችልኝም፤ ቁሩን አንሥታ በቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። ልጁን «ስለ እኔ ለምን ዋሸህ?» ብለው «ሰውየው በአባባ ላይ እንዲቆጣ አልፈለግሁም» አለኝ። ሐኪም አይቶት የተጎዳው ጅማት ብቻ ነው ቢልም፣ አንገቱ ሳምንት ሙሉ አልዞረለትም።

አዲሱን ቁር በእኔ ገንዘብ ገዛን። ከመግዛታችን በፊት አብሮት ያለውን ወረቀት አነበብን፤ በቁራቸው ላይ ምንም ነገር እንዳይለጠፍ የሚከለክሉ ሠሪዎች አሉና። ካሜራን ከራስ ላይ አውርዶ በደረት ማንገቻ መያዝ እንደሚሻል ለልጁ ብነግረውም በዚህ አልተስማማንም፤ እናቱ በሁለታችን መካከል ፈርዳ፣ ደንቡ ከተጠበቀ ይሁን አለች።

ዓርብ ማታ በሞቀ ክፍል ውስጥ ጀመርን። ቁሩን በለዘብተኛ ሳሙናና ውሃ አጥበን አደረቅነው፤ ቤንዚንና አሴቶን ፕላስቲኩን ስለሚበሉት አጠገቡ አላደረስንም። የሚለጠፍበትን ቦታ ብቻ በጥቂት የሕክምና አልኮል ጠረግነው። መቀመጫው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዝርግ፣ አንዱ ጎባጣ። ዝርጉ በጎባጣ ቁር ላይ ጫፎቹ ስለሚነሡ የሚሆነው ጎባጣው ነው። የነፋስ መግቢያ ቀዳዳ የሌለበትን ለስላሳ ቦታ መረጥን። ከአናቱ ላይ ብናደርገው ከሁሉ ከፍ ብሎ ቅርንጫፍ ይፈልጋል፤ ከጎን ብናደርገው ራስን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ስለዚህ ከግንባሩ በላይ፣ መነጽሩን በማይነካበት ዘንድ ለጠፍነውና በመዳፋችን ተጭነን ቆየን።

ወረቀቱ 24 ሰዓት ይጠብቁ ይላል። ልጁን ያስጨነቀው ይህ ነው። ቅዳሜ ጓደኞቹ በመኪና መጥተው ጠሩት፤ ትርፍ ቁር እናውስሃለን ቢሉትም አልሄደም። እኔ ገበጣ አስተማርሁት፤ እርሱም በየሰዓቱ ተነሥቶ ሙጫውን ሳይነካ ያይ ነበር። ማታ ካሜራዋን ጋጠማት፤ ምናልባት ብትለቅ እንዳትጠፋ በሽቦ ሳይሆን በቀጭን ክር ከቁሩ ጋር አያያዛት።

እሑድ ከተራራው ሥር፣ ትርፏን ባትሪ በብርድ እንዳትደክም በውስጥ ኪሱ ከቶ፣ ቁሩን ዘረጋልኝ። በጣቴ ሳብሁት፤ አልላላም። «አባባ፣ ያንን የበፊቱን ፊልም ልደምስሰው?» አለኝ።

«ተወው፣ ይቀመጥ» አልሁት።

ጓንቱን አጠለቀና ወደ ላይ የሚያወጣውን ወንበር ሊሰለፍ ሄደ።