ቮልስ ስታዘነብል

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የሚነዳ ሰው አማካሪ አይቸግረውም። ቀይ መብራት ላይ ባለታክሲው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ካርቡራተሯን አሳያት» ይለዋል። ነዳጅ ማደያ ሲቆም አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው በወጣትነታቸው የነበረቻቸውን ቮልስ ከነቀለሟ ያወሩለታል፤ የእሱ እንደማትደርስባት ሳይናገሩም አይሄዱም። የእኔ አማካሪዎች በሌላው ሁሉ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ቮልሴ ኩርባ ላይ ታዘነብላለች። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሁሉ ፊት ለፊቱ ያለችውን እጀታ ጭብጥ ያደርጋል። ጀርመኖቹ እጀታዋን እዚያ ሲያስቀምጧት ነገሩን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ከሜሪላንድ መጣ። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ስዌይ ባር የሚሉትን የማረጋጊያ ዘንግ ሊያመጣልኝ ቃል ገባ። «ሻንጣ አልበቃው ካለ በብርድ ልብስ ጠቅልዬም ቢሆን አመጣዋለሁ፤ አንተ ብቻ የፊት ይሁን የኋላ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ንገረኝ» አለ። ለልጁ ሚስት የሚያጭ ሰው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥር የለ? እኔም የብረቱን ዘር ቆጠራ ጀመርኩ።

ሲያዩት ጉድ የሚያሰኝ ነገር የለውም። ሁለት ጫፉ የታጠፈ ዘንግ ነው። ከመኪናዋ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ይጋደማል፤ መሀሉ በጎሚኒ ተይዞ ከአካሏ ይታሰራል፣ ጫፎቹ ደግሞ የግራና የቀኝ ጎማውን ክንድ ይይዛሉ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ከፍ ዝቅ ሲሉ ዘንጉ ጎሚኒው ውስጥ ከመዞር በቀር ሥራ የለውም። አንደኛው ብቻ ሲነሣ ግን ይጠመዘዛል፤ ወደነበረበት ልመለስ ብሎ ሲታገልም መኪናዋን ቀና ያደርጋታል።

የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1919 ያገኘው ስቲቨን ኮልማን የተባለ የፍሬደሪክተን ካናዳዊ ነው። ዓለም ግን አልቸኮለችም። የዚያን ጊዜ መኪና ባሌስትራው ደረቅ ስለነበር ብዙም አያዘነብልም፤ ቢያዘነብልም ቅር የሚለው አልነበረም። ዘንጉ በብዛት የተፈለገው በ1950ዎቹ፣ ለስላሳ ሞላ ሲለመድ ነው። ሰው መጀመሪያ ምቾት ገዛ፤ ቀጥሎ ምቾቱ ያመጣበትን ማዘንበል የሚያስቀርለት ብረት ገዛ።

ቮልስ ራሷ ከጥንት ጀምሮ የቆመችው በሚጠመዘዝ ብረት ላይ ነው፤ የፈርዲናንድ ፖርሽ ቢሮ ይህን ዘዴ ያስመዘገበው በ1931 ነበር። ፋብሪካው ለ1960 ሞዴል ደግሞ የማረጋጊያ ዘንግ ጨመረላት፤ ከፊት ብቻ። የእኔም የ1965 ሞዴል ስለሆነች ቀጭኑ ዘንግ አለላት። ሞተሩ ከኋላ፣ ክብደቱ ከኋላ፤ ታዲያ ዘንጉ ለምን ከፊት?

«ጋሼ፣ የኋላውንም ላስመጣው እንዴ?» ብዬ መካኒኬን ጠየቅኋቸው። አልመለሱልኝም። ክሪኩን ከኋላ አስገብተው ቮልሷን አነሷት። የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ሲለቁ ታችኛው ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ታጠፈ። ክሪኩን አወረዱት። መኪናዋ መሬት ብትነካም ጎማዎቹ አልተስተካከሉም፤ እግሮቿን ከሥሯ ሰብስባ፣ ኋላዋን ከፍ አድርጋ ቀረች። «አየህ ልጄ? በዚህ አቋቋሟ ኩርባ ላይ አስባት» አሉና ወደፊት ገፋ አደረጓት። ጥቂት ስትንከባለል ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

የዚያ ዘመን ቮልስ የኋላ አክስል የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው፤ ጎማው ጋ መታጠፊያ የለውም። ፍጥነት በዝቶ ኩርባ ሲያዝ ኋላዋ ይነሣል፣ የውጭው ጎማ ከሥሯ ይታጠፋል፣ አስፋልቱን በጠርዙ ይይዝና ይለቃል። የማረጋጊያ ዘንግ ደግሞ ሻጭ የማይናገረው ጠባይ አለው፦ ከውስጠኛው ጎማ ክብደት ይቀንስና ቀድሞውኑ በተጫነው በውጭው ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ወፍራም ዘንግ የታሰረበት ወገን ቀድሞ ይደክማል። የፊቱ ቀድሞ ሲደክም መኪናዋ አልጠመዘዝም ትላለች፤ ረጋ ብለው ፍጥነት ሲቀንሱላት ትታረቃለች። የኋላው ቀድሞ ከደከመ ግን ሹፌሩ የመጣበትን መንገድ ፊት ለፊት ያየዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ አክስል የኋላ ዘንግ መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በሸቭሮሌ ኮርቬር ነው። እሷም ሞተሯ ከኋላ፣ አክስሏም እንደ ቮልስ ነበር። በ1960 ስትወጣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል የፊት ዘንግ ሳይገባላት ቀረ። በምትኩ ፋብሪካው ባለቤቱን የፊት ጎማ 15፣ የኋላ ጎማ 26 ፒኤስአይ ንፋስ ሙላ አለው፤ የብረቱን ሥራ ለጎሚስታ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ራልፍ ናደር የተባለ አሜሪካዊ ስለ መኪና አደገኛነት የጻፈውንና ስሙን ያስጠራውን መጽሐፍ በ1965 አሳትሞ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለኮርቬር ሲሰጥ፣ ፋብሪካው በ1964 ሞዴል የፊት ዘንግ ጨምሮ፣ በ1965 ሞዴል ደግሞ የኋላ አክስሉን ከነጭራሹ ለውጦት ነበር። ቮልስም ለ1967 ሞዴል ከኋላ ዘንግ አበጀች፤ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ መኪናዋ ስታዘነብል ዝም ይላል፣ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሡ ይታገላል።

የቀረኝ ውፍረቱ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከ19 ይልቅ 22 ሚሊሜትር ውሰድ ብሎ ወተወተኝ፤ አሜሪካ ከርሞ ትልቁን መምረጥ ለምዷል። የዘንግ ጥንካሬ ግን የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው፤ ሦስት ሚሊሜትር ስትጨምር ጥንካሬው ወደ 80 በመቶ ይጨምራል። ዘንግ ደግሞ ግራና ቀኙን ያስራል፤ በግራ ጎማ የተገባበት ጉድጓድ ለቀኙም ይደርሰዋል። ያ በሜሪላንድ አውራ ጎዳና ምንም አይደል፤ በእኔ ሰፈር መንገድ ግን ቤት ስደርስ ወገቤን የሚያሽልኝ ሰው መፈለጌ ነው።

እናም መልሴን ላክሁለት፦ የፊት ብቻ፣ 19 ሚሊሜትር፣ ከኋላ ምንም፤ በተረፈው ኪሎ አዲስ ጎሚኒና የኋላ ሾክ አብዞርበር አምጣልኝ። «ታዲያ ማዘንበሏ መች ቀረ?» አለ። አልቀረም፤ ይቀንሳል እንጂ። ዘንግ ጎማን ከአስፋልት ጋር የበለጠ አያጣብቅም፤ የቱ ወገን ቀድሞ እንደሚለቅ ይወስናል እንጂ። ቮልስ ስታዘነብል «በዛብኝ» ማለቷ ነው። ጭራሽ እንዳታዘነብል አድርጌ ባስራት አፏን ዘጋሁት እንጂ ጎማዋን አላበረታሁትም፤ ለእንጦጦ ቁልቁለት ደግሞ የምታማርር መኪና ትሻለኛለች።