በጭነት መርከብ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች

በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖሩት ፖሊኔዥያውያን በሌላው ዓለም የታወቁት በጭፈራቸውና በአበባ ጉንጉናቸው ነው። ይህ ዝና ከትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ጋራ የመጣ ይመስለናል። በሺሕ የሚቆጠር እንግዳ በአንድ ጥዋት የሚወርድበት መንደር፥ ከጭፈራ በቀር ሌላ ነገር ለማሳየት ፋታ አያገኝምና። እኛ የተጓዝንባት መርከብ ግን ትንሽ ነበረች፤ የተሠራችውም ለመንገደኛ ብቻ አልነበረም። በታሂቲ ካለው ከፓፔቴ ወደብ ተነሥታ፥ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ወደሚገኙት ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ሲሚንቶ፥ ዱቄትና ነዳጅ ታደርሳለች፤ ስትመለስም ኮፕራ የሚባለውን የደረቀ የኮኮናት ፍሬ ትጭናለች። ስለዚህ በየወደቡ የቆመው ሰው የሚጠብቀው ዱቄቱን እንጂ እኛን አልነበረም። ሰውን በኑሮው ለማየት ለሚሻ መንገደኛ ከዚህ የበለጠ ዕድል ከየት ይገኛል?

ማርኬሳስ የሚለው ስም የደሴቶቹ ሰዎች ያወጡት አይደለም። በ1595 (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) በዚያ ያለፈው የስፔን መርከበኛ ሜንዳኛ ለፔሩ እንደራሴ ክብር ሲል የሰጠው ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ‹‹የሰዎች ምድር›› ይሉታል። መርከበኞቹ ባረፉባቸው ጥቂት ቀኖች ውስጥ 200 ያህል ሰው እንደ ተገደለ፥ ከመሪዎቻቸው አንዱ የነበረው ኪሮስ ጽፎት ይገኛል። ፈረንሳይ ደሴቶቹን በ1842 ያዘች፤ በ1863 ፈንጣጣ ገባ። ከዚህና ከሌሎችም መጤ በሽታዎች የተነሣ፥ ቀድሞ በአሥር ሺሖች ይቈጠር የነበረው ሕዝብ በ1920ዎቹ ዓመታት ከ2,500 በታች ወረደ። የተረፉትም ቢሆኑ እንደ ልማዳቸው እንዳይጨፍሩ፥ ገላቸውንም እንዳይነቀሱ በሚስዮናውያንና በገዢዎች ተከለከሉ። ዛሬ ቍጥራቸው ከ9,000 በላይ ሆኗል።

ከመርከባችን ሠራተኞች መካከል የዕቃ ማንሻውን መኪና የሚያንቀሳቅስ አንድ ጐልማሳ ነበረ። ቀኝ ክንዱ ከትከሻው አንሥቶ እስከ አንጓው ድረስ በጥቁር ንቅሳት ተሸፍኗል። አንድ ማታ ሥራውን ጨርሶ ከመርከቡ ሰገነት ላይ ሲያርፍ አጠገቡ ተቀመጥንና፥ አያቱም እንዲህ ያለ ንቅሳት ነበራቸው እንደ ሆነ ጠየቅነው። ‹‹አያቴ ክልከላው ባመጣው ዝምታ ውስጥ ያደገ ሰው ነው፤ ገላው ባዶ ነበር›› አለን። ታዲያ ሥዕሉ ከየት ተገኘ? ካርል ፎን ዴን ሽታይነን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1897 እና በ1898 በደሴቶቹ እየተዘዋወረ፥ የሽማግሌዎችንና የአሮጊቶችን ንቅሳት ቀድቶ ነበር። ይህንንም ከ1925 እስከ 1928 በሦስት ቅጽ አሳተመው። ከብዙ ዓመት በኋላ ወጣቶቹ የአባቶቻቸውን ምልክት ፈልገው ካገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው መጽሐፍ ሆነ።

‹‹ከባዕድ መጽሐፍ የተቀዳ ነገር የእናንተ ነው ማለት ይቻላልን?›› አልነው።

‹‹እርሱስ የቀዳው ከማን ገላ ላይ ነበር?›› ሲል መለሰልን።

ጭፈራውንም በኑኩ ሂቫ ደሴት አየን። ወንዶቹ መሬቱን እየደለቁና እንደ ዐሳማ እያጓሩ የሚጨፍሩት የዐሳማ ጭፈራ የሚባለው ነበር፤ የከበሮው ድምፅ ከተራራው እየተመለሰ ደረትን ይመታል። ሕዝቡ ለራሱ የሚሰበሰብበት ማታቫ የተባለው ታላቅ በዓል ከ1987 ጀምሮ ይደረጋል፤ ያን ዕለት ያየነው ግን ለእኛ ለመንገደኞቹ የተዘጋጀውን ነው። ይህንንም በልባችን አቃልለነው ነበር ማለት አይቻልም፤ እጅግ ያማረ ነበርና። ሆኖም የበለጠ የማረከን ጭብጨባው ካበቃ በኋላ የሆነው ነው። መንገደኞቹ ወደ ምሳቸው ሲሄዱ፥ አንድ ሽማግሌ ልጆቹን እንደ ገና አሰለፏቸውና አንዲቱን እርምጃ ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው። ለእኛ የበቃን ለእርሳቸው አልበቃቸውም።

የአውሮፕላን ማረፊያ በሌላት በፋቱ ሂቫ ሴቶቹ የዛፍ ልጥ እየቀጠቀጡ ጨርቅ ያወጣሉ። ልጡን ውሃ ውስጥ ያርሱታል፤ ከዚያም በእንጨት ላይ ዘርግተው በከባድ ዱላ እስኪሳሳና እስኪሰፋ ድረስ ይወቅጡታል። ቀለሙ እንደ ዛፉ ዐይነት ነው፤ የዳቦ ፍሬ ከሚባለው ዛፍ ቡናማ፥ ከሾላ ወገን ከሆነው ደግሞ ጠቈር ያለ ይወጣል። የጠጕራቸውም ጌጥ በሶብላና ሰንደል የመሳሰለው ሽቱ ሁሉ ያለበት እቅፍ ስለ ሆነ፥ ሴቶቹ ሲያልፉ መዓዛው ወደ ኋላ ይቀራል።

በዚያው መንደር አንዲት ባልቴት ፖፖይ አቀረቡልን። ፖፖይ የዳቦ ፍሬ ቦክቶ፥ ከትኵሱ ጋራ ተወቅጦ የሚበላ ገንፎ መሰል ምግብ ነው። አብረውን የነበሩት አውሮጳውያን ኮምጣጣነቱን ቀምሰው ሳሕኑን ቀስ አድርገው አራቁት። እኛ ግን ቆጮ በሚበላበት አገር ያደግን ነንና ጨርሰን ጨመርን። ባልቴቲቱ ተገርመው ምክንያቱን ቢጠይቁን፥ የልጅ ልጃቸው በፈረንሳይኛ እያስተረጐመች ስለ እንሰት አወራንላቸው። በአባቶቻቸው ዘመን የዳቦውን ፍሬ ለክፉ ቀን በጉድጓድ ቀብረው ለዓመታት ያቈዩት እንደ ነበረ ነገሩን። የእኛም ሰዎች እንዲሁ እንደሚቀብሩ፥ ጉድጓዱንም በቅጠል እንደሚለብጡት በነገርናቸው ጊዜ ወደ እኛ ጠጋ አሉ።

‹‹በምን ቅጠል?›› አሉን።

በራሱ በእንሰቱ ቅጠል ነው አልናቸው። ጥቂት አሰቡና፥ ውሃ እንዳይገባበት ከላይ ምን እንደሚጫንበት ጠየቁን። ድንጋይ መሆኑን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመርከቢቱ ጀልባ እስክትጠራን ድረስ ስለ ጉድጓድ ስንጫወት ቈየን።