ፕሮሰሰሩን እንቀይረው ወይስ እንቻለው?

የዛሬው ወሬያችን ስለ ቤት ኪራይም ስለ ታክሲ ሰልፍም አይደለም። አንድ ያረጀ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ቤታችንን ለሁለት ከከፈለው ሦስት ወር አልፎታልና ስለሱ እናውጋ ብለናል። «ጌም የሥራ ፈት ነገር ነው» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት አንቀጾች ብቻ ታገሱን፤ ከዚያ ጥላችሁን ብትሄዱ አንቀየምም።

«እኛ» ስንል የዚህ ጽሑፍ ባለቤትና ታናሽ ወንድሟ ነን። ታላቋ ጋዜጠኝነት ተመርቃ የሰው ቃለ ምልልስ እየቆራረጠች የምትኖር ናት፤ ታናሹ የካምፓስ ተማሪ ነው። ኮምፒውተሩ የጋራ ነው፤ ቀን የእንጀራ፣ ማታ የጨዋታ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ይባላል። ባሕር ማዶ አንድ ቢሮ ውስጥ አገልግሎቱን ጨርሶ እንደመጣ ጎኑ ላይ ካልተላጠው የንብረት ቁጥር እናውቃለን። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ኢንቴል በፈረንጆቹ 2013 ያወጣው ኮር አይ ፋይቭ 4570 ነው፤ ባለ አራት ኮር። በኋላ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ ጨመርንለት። ለምን እሱን? የዴሉ ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ብቻ ነው፤ የኛ ካርድ ደግሞ ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው 75 ዋት ይበቃዋል፣ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቅም። ብዙ የማይበላ እንግዳ በሉት።

ታላቅ ወንድማችን ዱባይ ነው። ከሄደ ስድስት ዓመት ሆነው። የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ በቀን 12 ሰዓት ይቆማል፣ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። የዋትስአፕ ጥሪ እዚያ አገር ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ነገር ስለሆነ እኛ ሦስታችን የምንገናኘው ካውንተር ስትራይክ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ማታ በኛ ሦስት ሰዓት፣ በሱ አራት ሰዓት። የጨዋታው ባለቤት ቫልቭ ዱባይ ሰርቨር ስላለው ለእሱ ጎረቤት ነው፤ ለኛም እንደ ኔትወርኩ ጸባይ ይሠራል። ሄድፎን አንጠቀምም። ምክንያቱም እማዬ ጋቢዋን ደርባ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ማን ማንን እንደሚተኩስ አይገባትም፤ ግን «በላህ ወይ?» ትለዋለች፣ እሱም ግድግዳ ሥር ተሸጉጦ «አዎ እማ፣ ሩዝ በልቻለሁ» ይላታል። አንዳንዴ እንደሱ ሲላት ይገደላል። የሳምንቱ ረጅሙ ወሬያቸው ይኸው ነው።

በአሮጌው ጨዋታ ጊዜ ችግር አልነበረም። ያ በ2012 (አሁንም በፈረንጆቹ) የወጣ ስለነበር ከኛ ማሽን ጋር እኩያሞች ነበሩ። ካውንተር ስትራይክ 2 የተተካው መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ልብ በሉ፣ የደመራ ዕለት። አዲሱ ጨዋታ ጭሱ እውነተኛ ጭስ ይመስላል፣ ጥይት ሲያልፍበት ይበሳል፤ ሁሉም ያማረ ነው። ዝቅተኛ መስፈርቱን ስናነብ ደስ አለን፤ ባለ አራት ሌይን ፕሮሰሰር፣ «ኮር አይ ፋይቭ 750 ወይም ከዚያ በላይ» ይላል። 750 የ2009 ዕቃ ነው። የኛው በአራት ዓመት ታናሹ ነው፤ ስለዚህ በወረቀት አልፈናል። በወረቀት ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የዚህ አገር ተመራቂ ሁሉ ያውቀዋል።

በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰው በሌለበት ኮሪደር ስትሮጡ ሁሉም ሰላም ነው። አስሩም ተጫዋቾች አንድ ቦታ ሲገናኙ፣ ጭሱም ሲፈነዳ፣ ምስሉ ይንቀራፈፋል። ለመንቀራፈፉስ ግድ የለንም፤ ተሸንፈን እናውቃለን። ችግሩ አብሮ ድምፁ መሄዱ ነው። ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ሲያዝ ከኢንተርኔት የመጣውን ድምፅ የሚፈታው ሥራም ተራ ይጠብቃል፤ ወንድማችን እንደተበላሸ ካሴት ይቆራረጣል። አንድ ቅዳሜ «እማ... ሰሞኑን... ትንሽ...» ብሎ ቀረ። ምን ትንሽ? አመመው? ከሥራ ወጣ? እማዬ ሌሊቱን አልተኛችም። በማግስቱ በጽሑፍ ስንጠይቀው «ሰሞኑን ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል ነው ያልኩት» አለን። የአየሩን ነገር መሆኑ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው ጥያቄው የከረረው። ግን ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብን። በጋዜጠኝነት ትምህርት አንድ ምንጭ አይበቃም ይባል የለ? የመጀመሪያው ምንጫችን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ነበር፤ በውጊያው መሀል ፕሮሰሰሩ 100፣ ግራፊክስ ካርዱ ግን 60 በመቶ አካባቢ። ሁለተኛው ምንጭ ቀላል ሙከራ ነው፣ እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። የምስሉን መጠን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አወረድነው። ፍሬሙ አልጨመረም።

ለማይጫወቱት እናብራራ። ፕሮሰሰሩ ሊጥ አቅራቢ ነው፤ ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ የት እንደሄደ አስልቶ ያቀርባል። ግራፊክስ ካርዱ ምጣድ ነው፤ የቀረበለትን ይጋግራል። እንጀራውን ብታሳንሱት ምጣዱ ይቀለዋል። ግን ሊጡ ራሱ የሚዘገይ ከሆነ በሰዓት የሚወጣው እንጀራ ቁጥሩ ያው ነው። የኛ ቤት ምጣድ ሊጥ እየጠበቀ ነበር።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን። ጌም የሚገመግሙ ሰዎች «አማካይ ፍሬም» ሲሉ አትመኑ። የኛ አማካይ በሰከንድ 74 ነበር፤ ያምራል። ዝቅተኛው ግን 25 ነው። በሰከንድ 60 ማለት አንዱ ምስል ለ16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል ማለት ነው፤ በ25 ሲሆን ለ40 ሚሊ ሰከንድ። ሰው የሚሰማው ይህን ሁለተኛውን ነው። ውኃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ለሚመጣበት ሰፈር «በአማካይ በየቀኑ ታገኛላችሁ» እንደማለት ነው አማካይ።

መጀመሪያ በእጃችን ያለውን አደረግን። አቧራውን አጸዳን፤ ደርቆ እንደ ኖራ የተሰነጣጠቀውን ቴርማል ፔስት ጠርገን አዲስ ቀባን፤ አንድ የነበረውን ራም ሁለት አደረግነው፣ ፕሮሰሰሩ በሁለት በኩል እንዲያነብ። ሙቀቱ ከ92 ወደ 70 ዲግሪ ወረደ። ዝቅተኛው ፍሬም ከ25 ወደ 31 ወጣ። ለትንሽ ብር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሰው ፕሮሰሰር ከመግዛቱ በፊት ይህን ያድርግ። ድምፁ ግን አሁንም ይቆረጣል።

ከዚህ በኋላ «እኛ» ተከፈልን።

ታላቋ ያለችው ኮር አይ ሰቨን 4790 ነው። የ2014 ዕቃ ነው፤ ሶኬቱ ያው 1150፣ የሚበላው ኃይል ያው 84 ዋት። ስለዚህ ማዘርቦርዱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ያ ደካማ ፓወር ሰፕላይም ሳይነካ አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል። ከፍተኛ ፍጥነቱ ከ3.6 ወደ 4 ጊጋኸርዝ ነው የሚያድገው፤ 11 በመቶ፣ ይሄ ብቻውን አያስጨፍርም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ አራቱ ኮሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይይዛሉ። አንዲት ሴት በሁለት ምጣድ ስትጋግር አይታችኋል? አንዱ ከድኖ እስኪበስል ሌላው ላይ ታፈሳለች። ሁለት ሴት አልሆነችም፤ የምትባክነው ደቂቃ ግን የለም። ያ ከኢንተርኔት የመጣ ድምፅ ተራ የሚያገኘው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው።

ታናሹ ያለው «የሞተ ሶኬት ላይ ብር አንጣል» ነው። እውነት አለው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። የኛው አራተኛ ነው፤ 4790ውም አራተኛ ነው። ከዚያ ሶኬት በላይ መሄጃ የለም። ስለዚህ ራይዘን 5 5600 እንግዛ አለ፤ ስድስት ኮር፣ የ2022 ምርት። መልካም። ግን ራይዘን ብቻውን አይመጣም። ማዘርቦርድ ይለወጣል። የኛ ዲዲአር 3 ራም እዚያ አይገባም፣ ዲዲአር 4 ይገዛል። የዴሉ ፓወር ሰፕላይ ዋና መሰኪያ ባለ 8 እግር የራሱ ዓይነት ነው፣ የተለመደው ቦርድ ባለ 24 ይፈልጋል፤ እሱም ይቀየራል። ከዚያ ሳጥኑ። ለአንድ ቁልፍ ብሎ ሙሉ ካፖርት ማሰፋት ይሉታል ይሄ ነው።

ወደ ጠጋኛችን ሄድን። ድሮ ፒያሳ ነበር፤ ከ2016ቱ ፈረሳ በኋላ መገናኛ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሁለት ሞባይል ሠሪዎች ጋር ጠረጴዛ ይጋራል። ሙሉውን ደማምሮ ከ70 ሺህ ብር በላይ አለን። ፊታችንን አይቶ «እኔ ምን ላድርግ?» አለ። እውነቱን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ሲተው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት 100ን ተሻገረ። በዚያ ላይ ከፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ወዲህ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን እየጠራረጉት የራም ዋጋ በዓለም ሁሉ ንሯል። 4790ውን ያገለገለ በ9,500 ብር አገኝላችኋለሁ አለን።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ታናሹ ግን ቅዳሜ ማታ ነገሩን ዱባይ ላይ አፈነዳው። ታላቃችንም ሳያስብ፣ «ሙሉውን እኔ ገዝቼ እልካለሁ» አለ። ቡር ዱባይ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ ጎዳና፣ ኮምፒውተር ስትሪት የሚሉት ሰፈር፣ ለሱ ቅርብ ነው።

ፈተናው ይሄ ነበር። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 የታሰረ ነው። ስለዚህ ብሩ ሲወርድ የሱ አንድ ድርሃም እኛ ጋ ሲደርስ እጥፍ ገደማ ሆነች። ከዚህ ሆናችሁ ስታዩት ወንድማችሁ የከበረ ይመስላችኋል። እሱ ግን ለአንዷ ድርሃም የሚቆመው ሰዓት ያው ነው፤ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ያው በር ላይ። ባለፈው ጊዜ ለታናሹ ስልክ ሲገዛ ለገና እመጣለሁ ያለው ለፋሲካ ሆነ፤ ፋሲካውም አለፈ። እኛ ቤት የአውሮፕላን ትኬት የሚባል ማስቀመጫ አለ፤ ሁሉም ነገር የሚወጣው ከዚያ ነው። አዲስ ኮምፒውተር ስንት ነው ብትሉን ብሩን ትተን «አንድ ገና» እንላችኋለን።

«አንፈልግም» አልነው። ተቀየመ። ሳምንት ሙሉ አልገባም። ከዚያ ድምፅ ቀርጾ ላከ፦ «የናንተን ብቻ ነው የምታስቡት? ሲቆራረጥ እኔም እኮ ነኝ የማልሰማችሁ። እማዬ የምትለኝ ግማሹ አይደርሰኝም።» ይሄን አላሰብነውም ነበር አንልም፤ ግን ከሱ አፍ ስንሰማው ከበደን። ስጦታ መከልከልም ለካ ይጎዳል።

ሁለት ቀን ተነጋግረን እዚህ ደረስን። 4790ውን እሱ ይገዛል፣ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ተከራክሮ። ሙሉውን አይገዛም። እኛ ደግሞ ለጠጋኛው ልንከፍል ያጠራቀምነውን 9,500 ለእማዬ እንሰጣለን፤ እሱም በየወሩ የሚልክላትን የዚህን ወር አይልክም። ታናሹ ራይዘኑን በሆዱ ይዞ ተስማማ። ዊንዶውሱን በተመለከተ ሊነክስ እንጭናለን፣ ካውንተር ስትራይክ 2 እዚያም ይሠራል፤ ታላቋ ግን ድምፅ የምትቆርጥበት ፕሮግራም እዚያ እስኪለመዳት ታጉረመርማለች።

ዕቃው ተገዝቷል። አንዱ ጎኑ 37.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከክብሪት ሳጥን ያንሳል፣ ኪሎ አያስቆጥርም። የሚታጠፉት ጥቃቅን እግሮች ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆኑ እሱ ራሱ ጠፍጣፋ ነው፤ በሁለት ካርቶን መሀል አስሮ ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥቷታል። እማዬ የሚላክ ነገር እንዳለ ስትሰማ «ሌላ ምንም አልላከም?» አለች። ለሷ የተላከ ሻሽ አለ፤ አልነገርናትም።

ልጅቷ ማክሰኞ ትገባለች። ቴርማል ፔስቱ ፍሪጁ ላይ ተቀምጧል፤ ታናሹ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያነሳና ይመልሰዋል። 31 የነበረው ፍሬም ስንት እንደደረሰ፣ «ሰሞኑን ትንሽ» የሚለው ዓረፍተ ነገርም እስከ መጨረሻው ይሰማ እንደሆነ፣ ከቅዳሜ በኋላ እንጽፍላችኋለን።